ኮከቡን ከኔቡላው ማውጣት ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው ጣጣው

የኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ላይ ደመናውን ለብቻው ለማጉላት ኮከቦቹን አውጥቼ በኋላ እመልሳቸዋለሁ። ለማሳያ የምጠቀመው ታኅሣሥ ላይ ከሐይቅ ዳር ያነሣሁትን የኦሪዮን ኔቡላ ነው፤ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራከር (ካሜራውን ከሰማዩ ዙረት ጋር እኩል የሚያዞር መሣሪያ)፣ ባለ 60 ሰከንድ 90 ፎቶ። ወሎ ላይ ኦሪዮን ደቡብ ሲደርስ 74 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል የአድማሱ ጭጋግ አይነካውም። የሰሜን ኮከብ ግን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጋራ ከከለላት ትራከሩን በእሷ ማስተካከል ፈተና ነው። ተጎትቶ የወጣ ኮከብ ደግሞ ስታርኔትን (ኮከቦችን ከፎቶ የሚያጠፋውን ፕሮግራም) ያደናግረዋል፤ ጭረቱን ኔቡላው ላይ ትቶት ያልፋል።

ፎቶዎቹን ሲሪል (የሰማይ ፎቶ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም) ላይ ደራርቤ በ32 ቢት አስቀመጥኩ። ጄፔግ ላይ መሞከር ልፋት ነው፤ በየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ስላለው ኔቡላው ሲጎላ መስመር መስመር ይሠራል። ጠርዙን ቆርጬ በስተደቡብ የሚታየውን የደሴን ብርሃን ከምስሉ ጀርባ አስወገድኩ። ፖሊኖሚያሉን (የጀርባ ብርሃኑን የሚገምተውን ቀመር ደረጃ) 1 ላይ ነው የምተወው፤ 4 ላይ ሲሆን ደብዛዛውን የኔቡላ ክንፍ የከተማ መብራት መስሎት ይበላዋል። ቀለም አስተካክዬ፣ ስትሬች አድርጌ (ደብዛዛው እንዲታይ ብርሃኑን ዘርግቼ) ስታርኔትን አስነሣሁ።

ኮከብ አልባውን ምስል 200 በመቶ አጉልቼ ከዋናው ጋር እያቀያየርኩ አየሁት። መሀሉ ላይ፣ ትራፔዚየም የሚባሉት ብሩህ ኮከቦች ካሉበት፣ ጋዙንም አብሮ ጠርጎታል። ጠርዙ የለሰለሰ ማስክ (ለውጡን በአንድ ቦታ ብቻ የሚወስን ሽፋን) ሠርቼ ዋናውን እዚያው መለስኩ። ይህ ጥገና ኮከቦቹን ብቻ የያዘውን ምስል ከማስላት በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ ትራፔዚየም ሁለት ጊዜ ይደመራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። 0 ጥቁር፣ 1 ነጭ ሆኖ አንድ ፒክስል በዋናው 0.8፣ በኮከብ አልባው 0.6 ነው እንበል። ዝም ብሎ መቀነስ 0.2 ይሰጣል፤ ያንን በስክሪን (የሁለቱን ምስሎች ከ1 ቀሪ አባዝቶ ውጤቱን ከ1 በሚቀንስ ማዋሃጃ) ሲመልሱት 1 − (0.4 × 0.8) = 0.68 ይሆናል። ኔቡላው ላይ ያለው ኮከብ ሁሉ የፈዘዘው ለዚህ ነው! መፍትሔው በፒክስል ማዝ (በሲሪል የምስል ስሌት መሣሪያ) ልዩነቱን ለ(1 − ኮከብ አልባ) ማካፈል ነው፦ 0.2 ÷ 0.4 = 0.5። ሲመለስ 1 − (0.4 × 0.5) = 0.8፣ ልክ እንደነበረው። ኮከብ አልባው 1 የደረሰበት ቦታ ካለ ግን ማካፈያው ዜሮ ስለሚሆን ስትሬቹን ቀድሞ መግታት ያስፈልጋል።

ከዚያ ኔቡላውን ብቻ አጎላሁ፤ ኮከቦቹን በ0.7 አባዝቼ በስክሪን መለስኩ። 0.4 ሞክሬ ነበር፤ ከማስኩ ውስጥ የቀረው ትራፔዚየም ብቻውን አፈጠጠ።