ፈር መቅደድን የተማርኩበት ማሳ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት እየጻፍኩ በቆየሁባቸው አራት ዓመታት «ፈር ቀዳጅ» እና «በቅንጅት» የሚሉትን ቃላት ስንት መቶ ጊዜ እንደተጠቀምኩባቸው አልቆጠርኩም። ትርጉማቸውን ያወቅሁት ግን በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ማሳ ላይ እርፍ ጨብጬ የቆምኩ ዕለት ነው። ፈር የሚቀድ ሰው ከኋላ የሚመጣው ትልም ሁሉ የሚከተለውን የመጀመሪያውን መስመር ያወጣል። የእኔ መስመር ከማሳው አጋማሽ ጀምሮ ወደ ግራ ዘምሞ ዘምሞ የጎረቤት ድንበር ላይ ደረሰ።

በዚያ ዓመት አባቴ ወገቡን ታሞ ጎንበስ ማለት ተስኖት ነበር። የመጣሁት አንድ ክረምት አግዤው ልመለስ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ቢሆንም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከተማ ዘመድ ቤት ሆኜ ስለተማርኩ ከከብት ጥበቃ ያለፈ ሥራ እጄ አያውቅም ነበር። በልጅነታችን ሰነፍ ተማሪ የሚገሠጸው «ካልተማርክ ገበሬ ነው የምትሆነው» እየተባለ ነበር። ግብርና ሳይማሩት የሚገቡበት፣ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወደቅበት ሥራ ነው ማለት ነው። ይህን አባባል ዛሬም ከወላጆች አፍ ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። እንደዚያ ክረምት ያስጨነቀኝ ትምህርት በሕይወቴ አልገጠመኝም።

ማረሻ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ሁለቱ ድግሮች፣ ወገሉና ብረቱ ተደምረው አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ማሳ ድረስ ይወስዳቸዋል። የትልሙን ጥልቀት የሚወስነው ግን እርፉን የያዘው አንድ እጅ ነው። ሲጫኑት ይገባል፣ ሲያቀልሉት ይወጣል፤ ብረቱ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ሞፈሩ ሳይሰበር በፊት ማንሣት ያስፈልጋል። ሌላው እጅ ጅራፍ ይዟል። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔን ከብረቱ ላይ መንቀል አልቻልኩም ነበር፤ ትልሙ የሚጠምመው እዚያ ስለሆነ እዚያው የማቃናው መስሎኝ ነው። አባቴ ግራሩ ሥር ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብሎ አየኝና በሦስተኛው ቀን «ታች ምን አለህ? ቀንበሩን ተመልከት» አለኝ። አንደኛው በሬ ወደኋላ ሲቀር ቀንበሩ መጀመሪያ ያዘነብላል፣ ትልሙ የሚጠምመው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ዓይኔን ቀንበሩ ላይ አደረግሁ። ትልሜ ለመቃናት ግን ወር ፈጅቶበታል።

ቅንጅትን ያስተማሩኝ ዳልቻና ቦራ ናቸው። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ለአባቴ ሕክምና ተሽጦ ስለነበር የቀረን ዳልቻ ብቻ ነው። እንደ እኛው አንድ በሬ ካላቸው ጎረቤታችን ጋር መቀናጆ ገባን። አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለእሳቸው ይታረሳል። ባላውቅ የእሳቸውን በሬ ቦራን በቀኝ፣ ዳልቻን በግራ ጠመድኳቸውና አንድ ትልም እንኳ ሳያወጡ እየተጋፉ ቆሙ። ጅራፉን ሳነሣ ጎረቤታችን ደርሰው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ በሬ ጎን አለው። ዳልቻ ቀኝ ለምዶ ያደገ ነው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም» አሉኝ። ፈትተው ቦታቸውን ሲያቀያይሯቸው እንስሶቹ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዳቸውን ያዙ።

ከሒሳብ ጋር ስለምተዋወቅ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ትልም ከትልም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃል ብንል፣ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ ገበሬው 33 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእኛ አገር የጤፍ መሬት ከመዘራቱ በፊት አምስት ጊዜ ያህል ይታረሳል፤ ይህ 165 ኪሎ ሜትር ነው። አባቴ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ የደረሰው በሦስት ቦታ የተበታተነ አምስት ጥማድ ነው። አራቱ ጥማድ ጤፍ ይዘራበታል፤ እሱም አንድ ሄክታር ገደማ ነው። አንዱ ለሽምብራ ይተዋል፣ አባቴ «መሬቱ ያርፍበታል» ይላል። ታዲያ ያንን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ጭቃ ውስጥ፣ በባዶ እግሩ፣ በሬዎቹን በቃል እየመራ ነው።

አምስት ጊዜ የሚታረሰው ለምንድን ነው ብዬ መጠየቄ አልቀረም። የእኛ ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። በሁለት ትልሞች መሃል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ገመሳው፣ ማለትም የመጀመሪያው እርሻ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ሁለተኛው፣ አይማው፣ ያንን አቋርጦ ይሄዳል፤ ሦስተኛው፣ ስለሳው፣ እንደገና ያቋርጠዋል። ተዳፋት ላይ ያለው ማሳችን ግን ችግር አለው። በአንዱ ዙር ትልሙ ቁልቁል መውረዱ ስለማይቀር ውኃው ተከትሎት አፈሩን ይዞ ይሄዳል። አባቴ ዙሮቹን ወደኋላ ቆጥሮ የሚያቅዳቸው የመጨረሻው እርሻ ሁልጊዜ አግድም እንዲውል ነው። ትርፉን ውኃ የሚያወጣውን ፈሰስ የት እንደሚቀድም ማሳውን እየዞረ በእግሩ ረግጦ ይወስናል። በዚህ ላይ በዓላቱ አሉ። ሰንበት፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም እያልን ስንቆጥር በእኛ ቀበሌ ቀንበር የሚጫንበት ቀን ከወሩ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ከዚያው ግማሽ ላይ መቀናጆው ይካፈላል፣ ዝናቡም የራሱን ይወስዳል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ማሳው ሐምሌ ላይ ለዘር ሳይደርስ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ አለቃ ይሆን ነበር።

እጅግ የከበደኝ ግን መዝራት ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይገባል። ለአንድ ጥማድ ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ዘር ይዞ፣ ያንን በሚልዮን የሚቆጠር ፍሬ አንድም ቦታ ሳያዘልሉ፣ አንድም ቦታ ሳይከምሩ በእጅ መበተን ነው ሥራው። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ መጀመሪያ በከብት ይረገጣል። ላሙም፣ አህያውም፣ በጉም ይነዳበትና መሬቱ ጠቅጠቅ ብሎ ሲለሰልስ ዘሩ ላዩ ላይ ያርፋል እንጂ አይሰምጥም። በመጀመሪያው ዓመት አባቴ በምርኩዝ ቆሞ እየመራኝ ዘራሁ። በአሥረኛው ቀን ግድም ማሳው ሲያቆጠቁጥ እጄ የት እንደዘገየና የት እንደፈጠነ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ተጻፈ። አንዱ ቦታ እንደ ሣር ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ ቦታ ባዶ አፈር። መንገደኛ ሁሉ ያየው ነበር፤ አባቴም በየቀኑ አየው፤ ግን አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ያስተማረችኝ እናቴ ናት። በበጋው ግቢያችን ውስጥ አመድና አሸዋ ቀላቅላ ሰጠችኝ፤ መሬት ላይ ሦስት ሰፌድ በተለያየ ርቀት ዘረጋችና እየተራመድኩ እንድበትን አዘዘችኝ። ከዚያ ሰፌዶቹን እያነሣች ታሳየኛለች። አንዱ ላይ እፍኝ ሙሉ፣ አንዱ ላይ ምንም። ችግሬ ጡጫዬን ጨብጬ መወርወሬ ነበር። ዘሩ በጣቶች መካከል እየሾለከ መውጣት አለበት፤ የእጅ አንጓው ደግሞ ቀኝ እግር መሬት ሲነካ ነው የሚፈታው። በየማታው ከብቱ ከገባ በኋላ ለሁለት ወር ያህል አሸዋ ዘራሁ። ሦስቱም ሰፌድ ላይ ተመሳሳይ አሸዋ ያየሁበት ማታ ዲግሪ ከተቀበልኩበት ቀን በላይ ደስ ብሎኛል።

አረሙን በአጭሩ ልለፈው። ሙጃው ከጤፉ ጋር አብሮ ሲበቅል እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም ነበር፤ እናቴ ግን ከሴቶቹ ጋር ወንፈል ገብታ፣ ቁጢጥ ብላ እየሄደች፣ ፊቷን ወደ ጎረቤቷ አዙራ እያወራች በእጇ ዳብሳ ትነቅለዋለች። አርሶ አደር ሲባል ሰው የሚታየው በሬ የያዘ ወንድ ብቻ መሆኑ ለእኔ ትልቅ በደል ነው። ማረሻውን እሳት ውስጥ ከትቶ የሚያሾልልን ቀጥቃጭም እንዲሁ ነው። ያለሱ እርሻ የለም፤ ሰው ግን ሙያውን ሲንቅበት ኖሯል።

በሦስተኛው ዓመት የሠራሁት ስሕተት የራሴ ነው። ዘሬ እኩል በቅሎልኝ ስለነበር ልቤ ሞላና የዩሪያ ማዳበሪያውን ጨምሬ ጣልኩበት። አባቴ «ጤፉ ለምቷል፣ ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር። ጤፉ ወገቤ ድረስ አደገ፤ መንገደኛው ቆሞ አደነቀው። በመስከረም መጨረሻ አንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ አብረው መጡ። ጠዋት ስደርስ ማሳው በሙሉ እንደ ምንጣፍ ተኝቷል። ቀጭን አገዳ ያን ያህል ቅጠልና ዛላ መሸከም አይችልም፤ ጋሸበ። ከታች ያለው ዛላ እርጥበት ነካው፣ ኅዳር ላይ በማጭድ ለማጨድም እጥፍ ጊዜ ፈጀብን። በዚያ ዓመት አውድማው ላይ የነበረው ክምር ትልቅ ነበር፤ በሬዎቹ አበራይተው፣ በመንሽ ገለባው ተነሥቶ፣ በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ ግን አብዛኛው እብቅ ሆኖ ሄደ። አባቴ የቀረውን ፍሬ በመዳፉ አንሥቶ አየው፣ መልሶ አፈሰሰው፣ «ጭዱ ለበሬዎቹ ይሆናል» ብሎ ተነሣ።

ወደ ባሕር ዳር አልተመለስኩም። አሁን የራሳችን ሁለት በሬ አለን፤ አባቴ ዛሬ ምርኩዝ ይዞ ማሳው ዳር ይቆማል። ባለፈው ሐምሌ የመጨረሻውን እርሻ አግድም ጨርሼ፣ ትልሜ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ፣ ወደ እሱ መጣሁ። እውነት ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ትልሙን አላየውም። ዓይኑ በሬዎቹ ላይ ነበር።

«ቀዩን ፍታው» አለኝ። «ከሦስት ትልም ጀምሮ እያነከሰ ነው።»

ጎንበስ ብዬ የበሬውን የፊት እግር አነሣሁ። በሰኮናው መሃል ጣቴን የሚያህል የግራር እሾህ ነበር።