ከቧንቧው አጠገብ የመጣው ጭቃ

የቴል አቪቭና የአካባቢዋ ከተሞች ፍሳሽ የሚጣራበት ሻፍዳን የተባለው ጣቢያ፣ ከ1987 ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፍሳሹን ዝቃጭ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕር በገባ ቧንቧ ፓልማሂም ከተባለው የእስራኤል የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ሜዲትራኒያን ውስጥ ይለቅ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከባሕሩ ወለል የመጣውን ጭቃ በወንፊት እያጠብሁ በውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን እንስሳት እለይ ነበር። እንስሳቱ በሮዝ ቤንጋል ቀለም ስለሚቀሉ ከአሸዋው መካከል በቀላሉ ይታያሉ።

በእስራኤል ከምንኖረው ከእኛው ከኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የወጣ አንድ ተለማማጅ ሠንጠረዡን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ዝቃጩ እኮ ቀለብ ሆኗቸዋል፤ ከሩቁ ናሙና ይልቅ ቧንቧው አጠገብ ያሉት ይበዛሉ» አለኝ። ቆጠራው ልክ ነበር፤ አለቆችንም ደስ የሚያሰኝ ሠንጠረዥ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ሁለቱን ሳህኖች ተራ በተራ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁለት። በሩቁ ናሙና ውስጥ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሽሪምፕ መሳይ አምፊፖዶች፣ የጥፍር ስባሪ የሚያህሉ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ለባሽ እንስሳትና ልዩ ልዩ ትሎች ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ሲገኙ፣ በቅርቡ ናሙና ውስጥ ግን ከዳር እስከ ዳር የተጠላለፈው ካፒቴላ የሚባል ክር መሳይ ትል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዝቃጩን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች በጭቃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ በምትኩ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ አምፊፖዶቹን ወይ ይገድላል ወይ ያባርራል፤ ካፒቴላ ግን ይህን ችሎ በፍጥነት ስለሚራባ የተለቀቀውን ቦታ ይወርሰዋል። ጭቃው ከባሕር ሲወጣ ጠቁሮ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ናሙናው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የተባለው ፈሳሽ ከተጨመረበት በኋላ ግን ሽታው ስለማይለይ፣ ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ወጣት ሊጠረጥር የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የጭቃው ቀለምና ሽታ እዚያው ጀልባው ላይ እንዲመዘገብ፣ በሠንጠረዡም የዝርያዎቹ ቁጥር ከጠቅላላው ብዛት ቀድሞ እንዲጻፍ አደረግን። የካፒቴላን ብዛት ግን ለብቻው ማስፈራችንን ቀጠልን፤ ዝቃጩ ሲቆም የባሕሩ ወለል ማገገም መጀመሩ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የዚህ ትል ቁጥር መቀነስ ነውና።