ጳጉሜን 6 የት ገባች?

ፕሮግራሟ ትንሽ ናት። ድሬዳዋ ላሉ ትራንዚተሮች ዕቃ መጋዘን የቆየበትን ቀን ትቆጥራለች። የጅቡቲ ወደብ ወረቀት በፈረንጅ ቀን ይመጣል፣ የመጋዘኑ መዝገብ በሐበሻ ነው፤ ሁለቱንም ወደ ተራ የቀን ቁጥር ትለውጥና ትቀንሳለች። አንድ ቀን ከተሳሳተች የአንድ ቀን ኪራይ ተዛባ ማለት ነው።

በፓይተን (በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የጻፋት ልጅ ሥራውን በሥርዓቱ ነበር የያዘው። አስቀድሞ ቴስቱን፣ ማለትም ኮዱ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን የምትፈትሽ ትንሽ ኮድ፣ ይጽፋል፣ ቀይ መሆኑን (መውደቁን) ያያል፣ ለማለፍ የሚበቃውን ኮድ ብቻ ይጨምራል። የኮዱን ትንንሽ ክፍሎች ለየብቻ የሚፈትሹ 12 ዩኒት ቴስት፣ ሁሉም አረንጓዴ (ያለፉ)። በርክክቡ ቀን የደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ አሮጌ መዝገብ ገልጠው አንድ መስመር አስገቡ፦ የገባው ነሐሴ 25 ቀን 2015፣ የወጣው መስከረም 5 ቀን 2016። ፕሮግራሟ 15 አለች።

«16 ነው» አሉ።

«ቴስቱ ሁሉ አልፏል እኮ እትዬ።»

«አቦ፣ እሱን ተወውና በጣትህ ቁጠር! 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት ናት።»

ልጁ ቆጠረ። ከነሐሴ 5፣ ከጳጉሜን 6፣ ከመስከረም 5።

ስህተቱ እስከዚያ ዓመት ስንት ጳጉሜን 6 እንዳለፈ የምትቆጥረው መስመር ላይ ነበር። ከዓመቱ 1 ቀንሳ ለ4 ታካፍላለች፤ ይህ የፈረንጆቹ ስሌት ነው። በእኛ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ስለሆነ፣ ዓመቱ ሳይቀነስ ነው የሚካፈለው። ሁለቱ ስሌቶች የሚለያዩት ለ4 እኩል በሚካፈል ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ነው። በፕሮግራሟ 2016 ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 ሁለቱም መስከረም 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ወድቀዋል። 12ቱ ቴስቶች ግን በሙሉ በ2017 ቀኖች የተጻፉ ስለነበሩ ይህን ሊነኩት አይችሉም።

የልጁ እጅ መጀመሪያ የሄደው «ዓመቱ 2016 ከሆነ 1 ጨምር» ወደሚል መስመር ነበር። ይህ ቢገባ 2012ም 2020ም እንደተሳሳቱ ይቀሩ ነበር። ደግነቱ ኮዱን ሳይነካ የእትዬን መስመር እንዳለ ቴስት አደረገው፦ 16 ሲጠበቅ 15፣ ቀይ። ከዚያ ማካፈሉን አረመ፣ አረንጓዴ። ሪፋክተር፣ ማለትም የኮዱን ውጤት ሳይለውጡ አደረጃጀቱን ማሻሻል፣ የጀመረው ያኔ ነው፤ ቴስት ቀይ ሆኖ ሳለ ኮድ መልሶ ማደራጀት የቱ ለውጥ ምን እንዳበላሸ ያሳጣል። ሦስት ቦታ የተበተነውን ለ4 የማካፈል ስሌት አንድ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ሰበሰበ፣ አንዱን ቦታ በቀየረ ቁጥር ቴስቱን እያስኬደ።

ከሁሉም የበረታችው በመጨረሻ የገባችው ቴስት ናት። ከመስከረም 1 ቀን 2013 ጀምራ አራት ዓመት፣ 1461 ቀን፣ አንድ በአንድ ትሄድና የእያንዳንዱ ቁጥር ካለፈው ቀን በ1 ብቻ መብለጡን ታያለች። ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ አያሻትም። አሮጌው ስሌት ላይ ስትሮጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አልፋ መስከረም 1 ላይ ቆመች።