አበባ የሞላበት ቅጽ፣ ንብ የሌለበት ሜዳ

በሰሜን አሜሪካ በሚካሄደው፣ የባምብልቢ አትላስ በተባለው የንብ ቆጠራ፣ በጁላይ አጋማሽ ሁለት በጎ ፈቃደኞች አንድ ሜዳ ላይ ባምብልቢ ቆጥረው ቅጹን ላኩ። ባምብልቢ ትልቋ፣ ጠጉራሟ ንብ ናት፤ እንደ ጣዝማ አብዛኛውን ጊዜ ጎጆዋን ከመሬት በታች ታበጃለች። ቅጹ ላይ በአበባው መስመር «በጣም ብዙ፤ ዴዚ፣ ቀይ ማገጥ፣ ኮሸሽላ» ተብሏል። በተያዙ ንቦች መስመር ደግሞ ዜሮ።

ዜሮው ራሱ ጥፋት አይደለም። በደንብ ተፈልጎ የታጣ ንብ እንደተገኘው ሁሉ መረጃ ነው። ያስደነገጠው የሁለቱ መስመሮች መጋጨት ነበር። ቀይ ማገጥና ኮሸሽላ ባምብልቢ የምትሻማባቸው አበቦች ናቸው፤ እነሱ በሞሉበት፣ አየሩም ሞቃትና ነፋስ አልባ በሆነበት ቀን አንዲት እንኳ ካልታየች፣ አንባቢው «ንቦቹ ከዚህ አካባቢ ጠፍተዋል» ብሎ ይደመድማል። ቦምቡስ አፊኒስ የምትባለው የባምብልቢ ዝርያ በ2017 በአሜሪካ የመጥፋት አደጋ ባንዣበበባቸው እንስሳት መዝገብ ከገባች ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ድምዳሜ በቀላሉ አይታለፍም።

የቆጠራው አስተባባሪ ፎቶ ሲጠይቅ የተገኘው አንድ ብቻ፣ እሱም ሜዳው በሚያምርበት በኩል የተነሣ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ዴዚ! ባምብልቢ ደግሞ ዴዚን እምብዛም አትፈልገውም። ማገጡና ኮሸሽላው የት ነበሩ? ከመንገዱ ማዶ። ሰዎቹ ከመኪናቸው ወደ ሜዳው ሲሄዱ አይተዋቸዋል፤ ቆጠራው ካለቀ በኋላ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ቅጹን በትዝታ ሲሞሉ ያዩትን ሁሉ ጻፉ። ውሸት አልጻፉም፤ የጻፉት ስለ ሌላ ቦታ ነው።

በአትላሱ ቆጠራው 1 ሄክታር ገደማ በሆነ ቦታ ለ45 የሰው ደቂቃ ይደረጋል። አንድ ሰው ከሆነ 45፣ ሦስት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ማለት ነው፤ ንብ ተይዛ ወደ ብልቃጥ ስትገባ ሰዓቱ ይቆማል። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚዘነጋው የንቦቹ መኖሪያ ግምገማም፣ ማለትም አበባውንና መሬቱን መመዝገቡም፣ ያንኑ ሄክታር ብቻ እንደሚመለከት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ሳይጀመር ድንበሩን መዞር ያስፈልጋል። ቦታው የግድ 100 በ100 ሜትር መሆን የለበትም፤ የመንገድ ዳር ከሆነ 20 በ500 ሜትርም ያው 1 ሄክታር ነው። መሐል ላይ ቆሞ በአራቱም አቅጣጫ አራት ፎቶ፣ ከዚያም የአበቦቹን በቅርብ። ቅጹ እዚያው፣ እግር ሜዳው ላይ ሳለ ይሞላል።

አበባ ሲገመት ዛሬ የፈካው ብቻ ይያዛል፤ እምቡጡም ዘር የያዘውም አይቆጠርም። እያንዳንዱ ዝርያም ለየብቻው ይገመታል፤ «ብዙ አበባ» የሚል ድምር እዚህ እንደሆነው ሁሉ አንድን ነጭ ምንጣፍ ከእውነተኛ ገበታ ጋር ያምታታል። ንብ ስትያዝም የነበረችበት አበባ ወዲያው ይጻፍ፤ ንቦቹ እንዲረጋጉ ብልቃጦቹ በረዶ ላይ ከተደረደሩ በኋላ የትኛዋ ከየት እንደመጣች ማንም አያስታውስም።

ከአበባው በላይ የሚዘለለው የመሬቱ ነገር ነው። ጎጆ ፍለጋ መቆፈር አይገባም፤ የሚመዘገበው ጎጆ ወይም መጠለያ ሊሆን የሚችለው ነው፦ አሮጌ የአይጥ ጉድጓድ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ሣር፣ የወደቀ ግንድ፣ ንግሥቲቱ የብርዱን ወራት የምታሳልፍበት የቅጠል ብስባሽና ልል አፈር። በጁላይ የማይታየውም ይታሰብ። አኻያ ያኔ አበባ የለውም፤ ዛፉ ግን ቆሟል፤ በጸደይ መጀመሪያ ከእንቅልፏ ለምትነሣ ንግሥት የመጀመሪያ ምግቧ እሱ ሊሆን ይችላል። የታጨደ ሣር፣ በአቅራቢያ ያለ የማር ንብ ቀፎ፣ የመድኃኒት ርጭት ምልክትም አብሮ ይጻፍ። ዛሬ የታጨደ ሜዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሜዳ ነው፤ ካልተጻፈ ልዩነቱ በንቦቹ ይሳበባል።

ሁለቱ ሰዎች በሳምንቱ ተመልሰው ድንበሩን ሲዞሩ በሄክታሩ ውስጥ ያገኙት ማገጥ ከደርዘን አይበልጥም፤ ኮሸሽላ ጭራሽ የለም። የአበባው መስመር ታረመ፤ ዜሮው እንዳለ ቆየ። የመንገዱ ማዶ ደግሞ በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ቅጽ፣ እንደ ሌላ ሄክታር ተመዘገበ።