ፈላስፋው ተኝቶ ውሃው ሄደ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት። ጠዋት ደግሞ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ ሰልፍ ላይ ከተራ አስከባሪ ጋር ተጣልቼ ቢሮ ስገባ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሻዬን ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። ስቶይኮች የሚባሉትን የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ኤፒክቴተስን ነው። ባሪያ የነበረ፣ ኋላ ነፃ ወጥቶ ያስተማረ ሰው ነው፤ ትምህርቱን የጻፈለት ደቀ መዝሙሩ አርያን ነው። ነገሩን ከሁለት ይከፍለዋል፦ ሐሳባችንና ፍላጎታችን በእጃችን ነው፤ ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ስማችንና ሹመታችን አይደለም። ለታክሲው ወዲያው ሠራልኝ። መምጣት አለመምጣቱ የኔ አይደለም፤ በ12 ሰዓት መውጣቴን ትቼ በ11፡30 መውጣት ግን የኔ ነው።

ችግሩ፣ አዲስ ነገር ያነበበ ሰው ቤተሰቡን ማሰልቸቱ አይቀርም። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው አየር እየተፋ ጮኸ። ሰማሁት። ተገላብጬ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ ባዶዎቹን ጄሪካኖች ስታይ፣ ረጋ ብዬ «ውሃ መምጣቱ እኮ በእጃችን አይደለም» አልኳት።

«መምጣቱማ መጥቷል። መነሳቱ የማን ነበር?»

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በአንድ እጅ፣ ሌላ ባለ 20 ሊትር በሌላው እጅ ይዞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ለማሰብ ጊዜ አያጣም። ግማሹን ብቻ ነበር ያነበብኩት፤ የኔ ያልሆነውን ስለይ የኔ የሆነውንም አብሬ ጥዬዋለሁ። እኛ «ቻለው» ስንል እንደምናስበው ዓይነት ትዕግሥት መስሎኝ ነበር። ስቶይኮቹ ግን ጤናና ሀብት ብቻቸውን ሰውን መልካም አያደርጉትም ቢሉም፣ ከበሽታና ከድህነት ይሻላሉ ይላሉ። የሞላ ጄሪካንም ከባዶው ይሻላል። ከ161 እስከ 180 እ.ኤ.አ. ሮምን የገዛው ስቶይኩ ማርቆስ አውሬሊዮስ እንኳ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ አምስተኛ ክፍል መግቢያ ላይ፣ ጠዋት ከብርድ ልብሱ ለመውጣት ራሱን ሲጨቀጭቅ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥት ሆኖ! ሳነበው ትንሽ ቀለል አለኝ።

እስካሁን የዘለቀልኝ የሌላው ሮማዊ ስቶይክ፣ የሴኔካ ልማድ ነው። ስለ ቁጣ በጻፈው ላይ፣ ማታ መብራቱ ከተወሰደ በኋላ የዋለበትን ቀን አንድ በአንድ እንደሚመረምር ይናገራል። እኛ ጋ መብራቱ ሳንጠይቀው ስለሚሄድ ሰዓቱን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሚስቱ ልማዱን ስለምታውቅ ዝም ትለው እንደነበርም ይጨምራል። የኔዋ ዝም አትልም፤ የዘለልኩትን ጥፋት ትሞላልኛለች። ትናንት ማታ ለአምስት ብር መልስ ከረዳት ጋር መጨቃጨቄን ስናዘዝላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ጄሪካኖቹን ቧንቧው ሥር ደርድረሃቸዋል?» አለችኝ።

የስልኬን ባትሪ አብርቼ ተነሳሁ።