«ርስት ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?»

ነገሩን የጀመረችው የእህቴ ልጅ ናት። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትምህርት ቤቷ የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ ብሎ ቅጽ ሰጣት። እስከ ቅድመ አያት ድረስ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ። እህቴ ቅጹን በቴሌግራም ላከችልኝና «አባባን ጠይቅልኝ» አለች።

ስም ላይ አልተቸገርንም። ቀን ላይ ግን ገና ከአባቴ ተሰናከልን። የጡረታ ደብተሩ 1938 ይላል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ «ስቀጠር ጸሐፊው መልኬን ዐይቶ የገመተው ነው» ይላል። እሱ የሚያውቀው «ጥሊያን ከወጣ በኋላ፣ በዘመነ ሉቃስ» የሚለውን ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ከጸሐፊው ግምት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት፤ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። ጥሊያን ከጎጃም የወጣው በ1933 ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሉቃስ 1935 ነው። ቀጣዩ 1939 ሲሆን እሱን አጎቴ ይዞታል፤ የአባቴ ታናሽ ነው፣ እሱም የሉቃስ ልጅ። ስለዚህ አባቴ 1935። ሦስት ዓመት በትርፍ አገልግሏል ማለት ነው። ስነግረው ሳቀ፤ ብዙም ደስ ያለው ግን አይመስለኝም።

እህቴ እንዲህ ያለው ስሌት አይገርማትም። እዚያ ከምታውቃቸው ትልልቅ ሐበሾች ስንቱ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ነው! ቀኑን የማያውቅ ሰው ፎርም ሲሞላለት የሚሰጠው ቀን ነው።

አያቴ ጋ ስንደርስ ግን ሉቃስም ማቴዎስም የለም። «እኔ ነፍስ ሳውቅ ጎልማሳ ነበር» አለ አባቴ። በቃ። እኔም ዓመት ፈቃድ ነበረኝና ለምን አልሄድም አልኩ።

ጥር 2010 ነው፣ ጥምቀት እንዳለፈ። አጎቴ «ከዚያ በፊት እንዳትመጣ፣ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው» ብሎኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣን። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ፣ ከዚያ ቁልቁል አባይ በረሃ፣ ጆሮ ድፍን፣ ጃኬት አውልቅ፣ ከዚያ ሽቅብ ደጀን፣ ጃኬት ልበስ። ደጀን ላይ ዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል። እኛ በብቸናው ታጠፍን። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስሜን አልጠየቁኝም። «ወደ ማን ነህ?» አሉኝ። ወደ የት አይደለም፣ ወደ ማን። ነገርኳቸው። አጎቴን ያውቁታል።

የቀበሌውን ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

የደረስኩ ዕለት ማታ ጎረቤት ሊያየኝ መጣ። ጠላ ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነበር። ምን እግር ጣለህ ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ ስለ አያቴና ስለ አያቱ ማወቅ ፈልጌ ነው አልኩ። ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡት።

«ርስት ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሌሊቱን አጎቴ ነው ያስረዳኝ። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረድ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከእሱ መወለድህን ቆጥረህ ካስረዳህ ድርሻ አለኝ ማለት ትችላለህ፤ ሌላ አገር ብትኖርም፣ ማረሻ ጨብጠህ ባታውቅም። ስለዚህ የዘር ቆጠራ ጨዋታ አልነበረም፤ የሙግት መሣሪያ ነበር። ብልህ ሰው የራሱን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ለባዕድ ግን አይቆጥርም። ከከተማ መጥቶ «አያቴ የማን ልጅ ነበር?» የሚል ጎረምሳ፣ በዚያ ዘመን ጆሮ ሲሰማ፣ ክስ ሊከፍት የመጣ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የመንግሥት ሆነ። ቆጠራውም ያን ቀን ሥራ ፈታ። «አሁን ማን ይቆጥራል?» አለ አጎቴ። «ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል ይባላል። ሽማግሌው አራተኛው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል።»

ይሄን ነገር ሳስበው ሰነበትኩ። እኛ አዲስ አበባ ሆነን «ወይ ታሪካችን፣ አያቶቻችን ሳይጽፉት ሞቱ» እንላለን። ሳይጽፉት አይደለም የጠፋው። የሚያስታውሱበት ጉዳይ አልቆ ነው።

አጎቴ ራሱ ወረቀት አይወድም። በ1967 የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። በ1989 መሬት ሲከፋፈል «ቢሮክራሲ» ከተባሉት፣ በደርግ ጊዜ ሹም ከነበሩት መሐል ገባና አራት ጥማድ ቀረለት፤ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው። «ስሜ ወረቀት ላይ የገባ ቀን ነው መሬቴ የሄደው» ይላል። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ የቀላድ መዝገብ፣ የድሮውን የመሬት ልኬት መዝገብ ማለት ነው፣ ፈልግ ብሎ መክሮኝ ነበር። እሱ የሸዋ ልጅ ነው፤ የአያቱን ስም ከነጋሻው እዚያ ነው ያገኘው። አጎቴ ይህን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። ጎጃም ላይ ቀላድ አልተጣለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ «ሊለኩን ነው» ተብሎ አገሩ ሸፈተ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላንም መጣ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ የግብር ውዝፉም ተማረ። አጎቴ ያኔ የ21 ዓመት ጎረምሳ ነው። «አሸንፈን ነው መዝገብ የሌለን» አለኝ። ለእኔ ፍለጋ ክፉ ዜና ነበር፤ እሱ ግን በኩራት ነው የተናገረው።

እና ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር። የድሮ የፍርድ ቤት መዛግብት ወዳሉበት አንድ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሦስተኛው ቀን ገባሁ። ፋይሎቹ ከፊሉ መደርደሪያ ላይ በሲባጎ ታስረዋል፣ ከፊሉ በማዳበሪያ ከረጢት ጥግ ላይ ተከምረዋል። የታችኛውን ረድፍ ምስጥ በልቶታል። ሲያነሡት እንደ ቆሎ ገለባ ይበናል።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትዕግሥቷ ይገርማል። «በከሳሽ ስም ነው የተደረደረው» አለችኝ። የአያቴን ስም ፈለገች፣ የለም።

«አያትህ ማንንም ከሰው አያውቁም?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ እንዴት ጎጃሜ ሆኑ?»

ከዚያ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው ጉዞውን ያዳነው። «ጎረቤቶቻቸውን ታውቃለህ? ማን ያዋስናቸው ነበር?» ወጥቼ ለአጎቴ ደወልኩ። አቅማማ፣ አቅማማና ሦስት ስም ሰጠኝ። ሁለተኛው ስም ላይ በ1952 የተከፈተ የርስት ክርክር ወጣ። አያቴ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለም። ሦስተኛ የከሳሽ ምስክር ነው።

ምስክር ሲቀርብ ቃሉ የሚጀምረው በዕድሜ ነው። «ዕድሜዬ 45 ዓመት፣ ሥራዬ ግብርና» ይላል። 1952 ሲቀነስ 45፣ 1907። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የሌሎቹን ምስክሮች ዕድሜ አየሁ፤ 40፣ 60፣ 55፣ 45። በዚያ አገር ሰው ሁሉ በአምስት በአምስት ነው የሚያረጀው። 1907 ገደማ ብዬ ጻፍኩ።

ቃሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከሳሹ ከአቅኚ አባቱ እንዴት እንደሚወለድ ስም በስም ይቆጥራል፤ ስምንት ትውልድ። መጨረሻ ላይ «እኔም ከዚሁ እወለዳለሁ» ይላል። አባቴ ከአያቱ ወዲያ አንድ ስም አያውቅም። እኔ በአንድ ጠዋት ስምንት አገኘሁ፤ ለዚያውም ለሰው መሬት ሲባል የተቆጠሩ። ስሞቹን እዚህ አልደረድርም። አጎቴን ሽማግሌው ደጃፍ አላስነቅፈውም።

ከታች ፊርማው አለ፤ የግራ አውራ ጣት በሐምራዊ ቀለም። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የጣቱ መስመር ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። መሐሉን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሰነጥቀው ባዶ መስመር አለ። መጀመሪያ ወረቀቱ የታጠፈበት መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ጠባሳ ነው። አዝመራ የሚያጭድ ሰው ማጭዱን በቀኝ ይይዛል፣ እህሉን በግራ ይጨብጣል። አባቴም በዚያው ጣት ላይ አንድ አለው።

ፎቶ ማንሳት አይቻልም ተባልኩ፤ በእጄ ገለበጥኩት።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የአያቴን የክርስትና ስም ይዤ ነው። ስሙ ገብረ ማርያም ነው፤ መሪጌታው ከዚያ አጥቢያ ብቻ አራት ገብረ ማርያም ቆጠሩልኝ። ዝናብ ያለበት ሰማይ ላይ ደመና መፈለግ ነው። ከዚያ «ሚስታቸው ማን ነበሩ?» አሉኝ። ስነግራቸው ፊታቸው ተፈታ። «እማሆይን ነው እንዴ የምትለው!» ሴት አያቴ ባሏ ከሞተ በኋላ መንኵሳለች። ይህን እኔም አውቃለሁ። የማላውቀው፣ አገሩ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚጠራት በምንኵስና ስሟ ብቻ እንደነበር ነው።

ያን ስም ይዤ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ተመለስኩ። ተመለስኩ የምለው ቀደም ብዬ ሄጄ ስለነበር ነው፤ በዓለም ስሟ አስፈልጌ «እንዲህ የምትባል ባለይዞታ የለችም» ተብያለሁ። አማራ ክልል በ1990ዎቹ ውስጥ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር እማሆይ በሕይወት ነበረች። ባለሙያው አዲሱን ስም ባሕር መዝገቡ ላይ በጣቱ ተከተለው። ቆመ። ተነሥቶ ቦክስ ፋይል አወረደ።

ደብተሩ ለአጎቴ ሲተላለፍ ተሰርዟል፤ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ሰረዝ። ውስጡ ማሳዎቹ ተዘርዝረዋል፣ እያንዳንዱ ከነአዋሳኙ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ ገደል። አንደኛው ማሳ ላይ በምሥራቅ የተጻፉት የዚያ የ1952ቱ ከሳሽ ወራሾች ናቸው። መሬቱ በ1967 ታውጆበታል፣ በ1989 ተሸንሽኗል። ጎረቤቱ ግን ያው ነው።

እና ፎቶ አለ።

ደብተር ሲሰጥ ባለይዞታው ፎቶ ይለጠፍበታል። እኔ የአያቴ ፎቶ መኖሩን አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር፤ ቤታችን ውስጥ አንድም የላትም። ጉርድ ፎቶ ናት፣ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጯ ላይ አርፏል። ቆብ አድርጋ፣ ነጠላ ደርባበት፣ ግንባሯን ቋጥራ ካሜራውን ትገላምጠዋለች።

ስልኬን ሳወጣ ባለሙያው እጁን አነሣ። «ወራሹ ካልመጡ አይቻልም።» ትክክል ነው፣ ምንም አላልኩትም። ለአጎቴ ደወልኩ። ወረቀት የማይወደው ሰውዬ ሁለት ሰዓት በእግሩ መጣ፣ የሚፈረመውን ፈረመ፣ ፎቶውን አይቶ ሳቀ።

«ቆብሽን አውልቂ ብሏት ነው እኮ፣ ፎቶ አንሺው። በዱላ ልትለው ነበር።»

አዲስ አበባ ስመለስ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን ፈለገ፣ ስልኩን ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። «ነጠላዋ እኔ የላክሁላት ነው» አለ። ጥለቱን አወቀው። ከዚያ «መቼ የተነሣችው ነው?» አለኝ።

«በ97።»

ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። «ማቴዎስ ነዋ።»

ሁሉንም አስተካክዬ ለእህቴ ላክሁላት፤ ስምንቱን ስም፣ 1907 ገደማን፣ 1935ን፣ ፎቶውን። ቅጹ ግን ተሞልቶ ለትምህርት ቤቱ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ባዶ ቦታ አይተውም ስለተባለች ልጅቷ ራሷ ሞልታዋለች። ለሁሉም ጃንዋሪ 1 ብላ።