የአንድ ሰዓት ስሕተት

ዛሬ ማታ ልቤ ለምን እንዲህ እንደ ከበደኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የተቆጣ ደንበኛ የለም፤ የወደቀ ሰርቨርም (ድረ ገጾች የሚቀመጡበት ኮምፒዩተር) የለም። አመሻሹ ላይ፣ ድረ ገጿን ከሠራሁላት ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ አጭር መልእክት ደርሶኝ ነበር። የእሑድ ጠዋቱ አገልግሎት ከ3 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ስለ ተዛወረ በድረ ገጹ ላይ እንዳስተካክልላቸው ጠይቀውኛል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። ገብቼ አንዱን ቁጥር አጥፍቼ ሌላውን ጻፍኩ፤ አስቀመጥኩ፤ በስልኬም ከፍቼ አረጋገጥኩ። መልስ ልሰጣቸው መልእክቱን እንደገና ሳነበው ነው መጨረሻው ላይ ያለችውን ዐረፍተ ነገር ያስተዋልኳት፤ «ለውጡ ከተደረገ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው፤ ይቅርታ» ይላል።

አምስት እሑድ ሙሉ ያ ገጽ የተሳሳተ ሰዓት ሲናገር ከርሟል፤ ማንም ግን ተሳስቷል አላለም። ምእመናኑ ለውጡን የሰሙት እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ በማስታወቂያ ሰዓት ነው፤ በዕለቱ ያልነበረም ካለ ከወዳጁ ሰምቷል። ከእነሱ መካከል የአገልግሎቱን ሰዓት ለማወቅ ብሎ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ያንን ቁጥር አንብቦ ያመነ ሰው ቢኖር፣ እዚያ ማንንም የማያውቅ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ደውሎ አይከራከርም፤ ልቡን አሰባስቦ፣ ምናልባትም ለሳምንታት ሲያመነታ ቆይቶ፣ በ3 ሰዓት በሩ ላይ ይደርሳል፤ አገልግሎቱ ሊያልቅ ጥቂት እንደ ቀረው ይረዳል፤ ሁሉም ዞሮ እንዳያየው ፈርቶ ከደጅ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ መጥቶ እንደ ሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ቁጥሩን ካስተካከልኩ በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ለቤተ ክርስቲያናት፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለትንንሽ ነጋዴዎች ድረ ገጽ መሥራት ስጀምር፣ ገጹ የሚሠራው ላዘዘው ሰው ይመስለኝ ነበር። የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ገጽ ስንጀምር ከኮሚቴው ጋር የተቀመጥንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ቅን፣ ሁሉም ያንን ቤት የሚወዱ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ውይይታችን የሚበልጠው ጊዜ የሄደው በሎጎው ሰማያዊ ቀለም ላይ፣ የአስተዳዳሪው የሰላምታ ቃል ከታሪኩ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ በሚለው ላይ፣ ከዚያም በመነሻው ገጽ አናት ላይ የማን ፎቶ ይቀመጥ በሚለው ላይ ነበር። መዘምራኑም፣ የወጣቶች ክፍሉም፣ የሴቶች ኅብረቱም ፎቶ ስለ ነበራቸው ማንም እንዳይከፋው ምስሎቹን ሁሉ እያፈራረቀ የሚያሳይ ስላይደር ሠራሁላቸው። ሁሉም ደስ ብሏቸው ተለያየን። የአገልግሎቱ ሰዓት ግን «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ውስጥ፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ገባ፤ አንድም ሰው ይህን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዓቱን የማያውቅ ሰው አልነበረማ!

እዚያ መገኘት የነበረበት ስምንተኛው ሰው ገና ያልመጣው ሰው ነበር። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰርን የምርምር ማእከል ለሕዝብ ይፋ ያደረገው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ይህ ሥራ ምንድን ነው፣ እነማን ይሠሩበታል፣ እኔስ በምን ልረዳ እችላለሁ ብሎ ለሚመጣ ሰው መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ገጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጃችን ያልገባ መሣሪያ የለም፤ ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ጀምሮ ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳ ገጹን ራሱ መጻፍ ችሏል፤ እኔ ግን ሰዓቱን አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ቀበርኩት።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ገጽ ላይ የወጣ አንድ ፖስተር አለ። የልዩ ጉባኤው ፕሮግራም በሙሉ፣ ቀኑም ሰዓቱም ቦታውም፣ በአንድ ምስል ውስጥ ተጽፎ ተላከልኝ፤ 4000 ፒክስል ስፋት፣ 6 ሜጋባይት ክብደት። ሰዓቱ በወርቃማ ፊደል በነጭ ላይ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ነበር። ኮምፒዩተሬ ላይ ሳየው ያምራል። በስልክ ስከፍተው መጀመሪያ ባዶ ነጭ ቦታ ታየ፤ ከዚያ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ፤ ሰዓቱ ደግሞ የጉንዳን እግር አክሎ ነበር። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም ጭምር እንዲመች የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የቀለም ንፅፅር ይጠይቃል፤ ይህን ስለካው 2 ለ 1 እንኳ አልሞላም። ዐይነ ስውር ለሆነና ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ያ ሁሉ ፕሮግራም «ምስል» ከምትል አንዲት ቃል በላይ አይሆንም። ያን ቀን ሌሊት ምስሉን አሳንሼ፣ ከሥሩ ቀኑንና ሰዓቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፍኩት። የሚያስደስት ሥራ አልነበረም፤ ግን እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ትክክለኛነቱን የማልጠራጠረው እሱን ነው።

በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገጽ ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ያሳምማል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚመጣው እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሰጥና የሚፈልግ። የመጀመሪያው ገንዘብ ስለሚያመጣ «ይለግሱ» የሚለው ቁልፍ ትልቅና ቀይ ሆኖ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ይቀመጣል። የታመመ ልጅ ይዞ እርዳታ የሚፈልገው ግን ሜኑውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ «ፕሮግራሞቻችን» ከሚለው ሥር ገብቶ ነው ፎርሙን የሚያገኘው። የአንዱን ድርጅት ፎርም ስረከብ 14 ጥያቄዎች ነበሩት፤ ኢሜይል ደግሞ ግዴታ ነበር። ኢሜይል የሌላት እናት እዚያው ትቆማለች፤ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይቀርላታል። ከሥራ አስኪያጇ ጋር ብዙ ተነጋግረን ወደ ሦስት አወረድነው፤ ስም፣ ስልክ፣ መቼ እንደውልልዎ የሚሉት ብቻ ቀሩ። የቀረውን ሠራተኛው ደውሎ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጇ ያኔ «ለሪፖርት የሚያስፈልገንን ቁጥር ከየት እናመጣለን?» ብለውኝ ነበር፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ እኔም ሙሉ መልስ አልነበረኝም።

ትንንሽ ነጋዴዎች ከሁሉም ይቀላሉ። አንድ አናጢ ደንበኛዬ ከጅምሩ «ሰው እንዲደውልልኝ ብቻ ነው የምፈልገው» አለኝ፤ ስልክ ቁጥሩን ሲነኩት የሚደውል ሊንክ አድርጌ ከላይ አስቀመጥኩለት፤ አለቀ። እንግዳው ካልደወለ የዕለት ሥራው ስለሚቀር ስሕተቱን በዚያው ቀን ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ያልመጣውን ሰው አታውቀውም።

ሌላም የቤቱ ሰው የማያየው ነገር አለ። የዶሜይን ስሙን፣ ማለትም የድረ ገጹን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው አንድ ትጉ ወጣት ነው፤ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ። ወጣቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ምዝገባው እንዲታደስ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ይላካል። እንደ ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ባሉት ስሞች የምዝገባው ዘመን ካለፈ በኋላ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የማደሻ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን ይከተላል፤ እሱም ካለፈ ከ5 ቀን በኋላ ስሙን የፈለገ ሁሉ ሊወስደው ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ በውስጥ ያሉት በሰላም እየተሰበሰቡ፣ እየዘመሩ ሊቆዩ ይችላሉ። ወደ ራሳቸው ድረ ገጽ የሚገባ ከመካከላቸው ስለሌለ ገጹ መጥፋቱን የሚነግራቸው ሰው የለም።

ለጸሐፊዋ መልስ ሳልጽፍ እዚህ ደረስኩ። እሳቸውን ልወቅስ አልችልም፤ ቢሮውን ብቻቸውን ይይዛሉ፤ ቁልፉም መዝገቡም ስልኩም እሳቸው ጋ ነው። ሰዓቱን አሁን ከአራተኛው አንቀጽ አውጥቼ በመነሻው ገጽ አናት ላይ፣ ከስላይደሩ በላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ለኮሚቴው ነገ አስረዳለሁ። ከሥሩም በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ይህ ሰዓት ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው፦» ይልና የዛሬውን ቀን ይዟል። እንግዳው የሚያነበው ቁጥር ትናንት የታየ ይሁን የዛሬ ሦስት ዓመት የተረሳ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

መስመሩ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ አለ፤ የማስቀመጫውን ቁልፍ ግን እስካሁን አልተጫንኩም። በየወሩ ደውዬ ሰዓቱን ልጠይቅ እችላለሁ፤ ግን እንዲህ ያሉ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ገጾች አሉኝ፤ ሁሉም ጋ መደወል አልችል ይሆናል፤ እኔም አንድ ቀን እንደ ዚያ ወጣት መሄዴ አይቀርም። ቀኑ ሳይታደስ ዓመት ቢያልፈው፣ ያ የሚያመነታ ሰው አንብቦት ይህ ቤት ተዘግቷል ብሎ ጭራሹን ሳይመጣ ቢቀርስ?